ወንድም አለህ?

ይህ መልእክት መጀመሪያ የተላለፈው በሬድዮ ነው። ከስርጭቱ በኋላ ብዙዎቻችሁ “በጽሑፍ ይውጣልን፣ ለጎረቤትም እንሰጠዋለን” ስላላችሁ ይኸው በዚህች ትንሽ ጽሑፍ እጃችሁ ገብቷል። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ብዬ ብዙም አልነካካሁትም። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አቅርቡ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ከቁጥር 26 ጀምሮ ክፈቱ። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ አንዲት አሮጌ ቬስፓ ላጫውታችሁ።

አዎ፣ ቬስፓ፤ ሁለት ጎማ ያላት። “ፓስተር ዛሬ ምን ነካው?” አትበሉ። ትንሽ ታገሡኝ።

መስኮቴ ዝግ ነበር

ሲኤምሲ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስሙ ራሱ በአካባቢው ሰፍሮ ይሠራ ከነበረ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት የመጣ ነው። ዛሬ ግን ሲኤምሲ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሪል እስቴቱ፣ ረጃጅሙ አጥርና በመካከል የሚያልፈው ባቡር ነው። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሥራ ሲጀምር ሰፈሩን ከመሀል ከተማ ጋር አገናኘው። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኝ ባቡር ግን እስካሁን አልተሠራም። አጥሩ ላይ ሽቦ፣ በሩ ላይ ጥበቃ፣ ግቢው ውስጥ ውሻ። ሰው የሚተዋወቀው ውኃ ሲጠፋና ለቅሶ ሲደርስ ነው።

እኔም ከዚያው ሰው አንዱ ነበርኩ። ቪትዝ መኪና ነበረችን። ጠዋት በሯን እዘጋለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ መዝሙር እከፍታለሁ፣ በቃ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ማታም እንደዚያው። መድረክ ላይ ቆሜ “ወጥተን ወንጌል እንመስክር! ጠፍተው ያሉትን እንፈልግ!” ብዬ እጮሃለሁ፤ ቅዱሳንም “አሜን” ይላሉ። ታድያ አንድ ቀን ጥያቄ መጣብኝ። ባለፉት አምስት ዓመታት በመንገድ ላይ ያነጋገረኝ የማላውቀው ሰው ማን ነው? ቆጠርኩ። አንድም አላገኘሁም። ትራክት የሰጠኋቸው ብዙ ናቸው። ያወራኋቸው ግን የሉም።

ከዚያ ቪትዟ ተሸጠች። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ተደራርቦ ነው፤ የብዙዎቻችሁ ቤት ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። ቤት ውስጥ የቀረችው በሸራ ተሸፍና የቆመችው የአባቴ ቬስፓ ነበረች። መካኒክ አየልኝ፣ ካንዴላዋ ተቀየረ፣ ካርቡራተሯ ታጠበ፣ ጎማዋ ተለወጠ፣ ወረቀቷ ተሟላ፤ እኔም ሄልሜት አጥልቄ ወጣሁ።

“ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች?”

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት ሰው እንዲሸሸኝ ነበር። ታስታውሳላችሁ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ጥሎ ነበር። ምክንያቱ በሞተር እየመጡ የሚፈጸሙት ቅሚያና ዝርፊያ ናቸው። በኋላ በምዝገባና በፈቃድ መሥራት ቢፈቀድም፣ ሰው ልብ ውስጥ የገባው ስጋት በፈቃድ አይወጣም። ሞተር ከኋላ ሲመጣ የከተማችን ሴት ቦርሳዋን ወደ ግድግዳው በኩል ታዞራለች።

በመጀመሪያው ቀን ያጋጠመኝም ይኸው ነው። አንዲት እህት ድምፁን ሰምታ ቦርሳዋን እቅፍ አደረገች። ዞር ብላ ስታይ ግን ሳቀች። “ውይ! እኔ እኮ ስልኬን ልትቀማኝ መስሎኝ ነው። ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች? አጎቴ እንዲህ ያለ ነበረው!” አለችኝ። ቆምኩ። ስለ አጎቷ አወራችልኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ከአጎቷ ጋር ተዋወቅሁ።

ከዚያ በኋላማ ምን አለፋችሁ! ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፤ መንጃ ፈቃዴን አይቶ ከመለሰልኝ በኋላ “አንድ ፎቶ ልነሳባት?” አለኝ። ጉርድ ሾላ መብራት ላይ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ መኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ “ድምፁን ልስማው ብዬ ነው፤ የእኔዋ ድምፅ የላትም” ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በሰፈራችን ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች በዝተዋል። ለዘጠኝ ዓመት በበሩ ሳልፍ ሰላም ያላልኩት የጥበቃ ሠራተኛ ዱላውን አስደግፎ መጥቶ የፊት መብራቷን በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። ስሙን የዚያን ቀን አወቅሁ። ሦስት ልጆች እንዳሉትም የዚያን ቀን አወቅሁ። ዘጠኝ ዓመት!

አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ “ፋዘር፣ ሙዚየም ነው የምትወስዳት?” ብሎ ቀለደብኝ። እኔም “ዘመድህ ናት እኮ፣ አታላግጥባት” አልኩት። አላመነኝም። የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ትምህርት አለበት።

ቬስፓን የሚሠራው ፒያጆ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የጦር አውሮፕላን ነው። ጶንቴዴራ በምትባል ከተማ የነበረው ፋብሪካው በቦምብ ተመታ፣ ፈራረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ የሕዝቡ ችግር መጓጓዣ ሆነ። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ተጠራና በርካሽ የምትገዛ፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንኳ ያለ ችግር የምትቀመጥባት፣ የነጂውን ልብስ በቅባት የማታበላሽ ሞተር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1946 ገበያ ላይ ዋለች። ቬስፓ በጣሊያንኛ “ተርብ” ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ባለ ሦስት ጎማ የጭነት እህቷን ሠርቶ “ንብ” ብሎ ሰየማት። በ1960ዎቹ ደግሞ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓን በአገሩ ይሠራ ነበር። ዛሬ በሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ የምንሳፈርባት ባለ ሦስት ጎማ ከዚያው ቤተሰብ የወጣች ናት።

ያ ልጅ ባጃጁን ዞር ብሎ አያት። “ከቦምብ ጣይ ፋብሪካ ነው የመጣሽው?” አላት፤ ሳቅን። እኛ በ1928 ዓ.ም. ቦምብና የመርዝ ጋዝ ከሰማይ የወረደባቸው አባቶች ልጆች ነን፤ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰዎች ሰይፋቸውን ማረሻ የሚያደርጉበትን ቀን አይቷል (ኢሳ. 2፥4)። የዚያ ቀን ሙላት ገና ነው። ነገር ግን የሞት መሣሪያ ይሠራ የነበረ እጅ የእንጀራ መሣሪያ ሊሠራ እንደሚችል በየመንገዱ ምልክቱን እያየን ነው። ለልጁም ይህን ነገርኩት። “እግዚአብሔር ፋብሪካ ከለወጠ እኔን አያቅተውም ማለት ነው?” አለኝ። ያን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው።

የሠራሁት ስህተት

ይህን ሁሉ ስትሰሙ ሁሉም ነገር የተሳካ እንዳይመስላችሁ። ገና በጅምሩ አበላሽቼዋለሁ።

ሰው ወደ ቬስፓዋ በመጣ ቁጥር እኔ ደስ የሚለኝ ለሌላ ነገር ነበር። ሰውዬው “አባቴ እንዲህ ያለ ነበራቸው...” ብሎ ሲጀምር እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትራክት አወጣለሁ። “ወንድሜ፣ ዛሬ ብትሞት ወዴት ትሄዳለህ?” እላለሁ። ጥያቄው ከባድና እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አልክድም። ሰውዬው ግን የሞቱ አባቱን እያሰበ ነበር። ፊቱ ይዘጋል። ወረቀቱን በትህትና ይቀበለኛል፣ “እሺ፣ አመሰግናለሁ” ይላል፣ ይሄዳል። ሱቁ ጋ ያለች እህት አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ? “ጋሼ፣ ሰዎቹ ያንተን ወረቀት እዚህ እየጣሉት ይሄዳሉ። ልሰብስብልህ?” አለችኝ። ሃያ ሦስት ትራክት መለሰችልኝ። ንጹሕ ነው፤ ማንም አላነበበውም።

ቤት ገብቼ የሐዋርያት ሥራ 8ን ከፈትኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እያለሁ የተፈተንኩበት ምዕራፍ ነው፤ የጋዛን መንገድ በካርታ ላይ አሳያለሁ፤ ሕንደኬ የንግሥት መጠሪያ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊልጶስ ያደረገውን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

እስቲ አብረን እንይ። ፊልጶስ ሰማርያ ውስጥ ትልቅ መነቃቃት ላይ ነበር። ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ድውያን ይፈወሳሉ፣ ከተማው በደስታ ተሞልቷል። የዘመናችን ሰው ቢሆን ኮንፈረንሱን ለሌላ ሳምንት ያራዝም ነበር። ጌታ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንሥቶ ወደ ምድረ በዳ መንገድ ላከው። ለአንድ ሰው! ያውም ለእኛ አገር ሰው፤ በሰረገላ ተቀምጦ ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ለሚመለስ ኢትዮጵያዊ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። በመጀመሪያ ሮጠ። ሰረገላውን በሩቁ እያየ “ጌታ ይባርከው” ብሎ አልቀረም። ቀጥሎ ሰማ፤ ሰውዬው የሚያነበውን ጆሮው ውስጥ አስገባ። ከዚያ ጠየቀ፤ ስብከት አልጀመረም፣ የሚያነበው ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው። ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ በሉ፤ ሰውዬው ራሱ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ዘሎ አልወጣም፤ ተጋበዘ። ከወጣም በኋላ የራሱን ርዕስ አልከፈተም፤ ሰውዬው ይዞት ከነበረው ከዚያው ከኢሳይያስ ቃል ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት።

እኔ ግን ሩጫውንም መስማቱንም ጥያቄውንም ዘልዬ የሰው ሰረገላ ላይ ሳልጋበዝ እወጣ ነበር።

ቬስፓዋም አንድ ነገር አስተማረችኝ። ሞተሯ ቱ ስትሮክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሃያ ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት። ትንሽ ነው፤ የቡና ስኒ አይሞላም። ረስታችሁ ቤንዚን ብቻ ብትሞሉ ሞተሩ ይነሣል፣ እንዲያውም ጥሩ ይሄዳል። ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የእኔም ምስክርነት እንዲህ ነበር። ቤንዚን ሞልቶ ነበር፤ ቃል ነበር፣ ጥቅስ ነበር፣ ጉልበት ነበር። ፍቅር አልተቀላቀለበትም። ጳውሎስ በመላእክት ልሳን ብንናገር እንኳ ፍቅር ከሌለን ባዶ ጩኸት እንደምንሆን ጽፎልናል (1ቆሮ. 13)። በልሳን ለምንናገር ለእኛ ይህ ቃል ቅርባችን ነው፤ አንለፈው።

“ፓስተር፣ ሰው ምን ይላል?”

በዚህ መካከል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ይወዱኛል፣ እወዳቸዋለሁ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው “ፓስተር፣ በዚህ አሮጌ ሞተር ስትመጣ ሰው ምን ይላል? አገልጋያቸውን የማያከብሩ ነው የሚሉን። አምላካችን ባለጠጋ ነው” አሉ። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብም አስበዋል። እኔም ትሑት ሰው መስዬ “አይ፣ ይቺ ለወንጌል እየጠቀመች ነው፤ ጌታም በውርንጫ ነው የገባው” አልኳቸው። ሁሉም ዝም አሉ። መልሱ መንፈሳዊ ይመስላል አይደል?

ወገኖቼ፣ ሰው በትሕትናውም ይታበያል። ከመኪና የወረደው እግሬ ነው፤ ልቤ ገና አልወረደም ነበር። እንዴት እንደ ታወቀኝ ልንገራችሁ።

የእኚያ አባት ጥያቄ

ወር በገባ በ12 ነበር። ሲኤምሲ ሚካኤል በዚያ ቀን ሰዉ ብዙ ነው፤ መንገዱ በነጠላ ይሞላል። እኔ ለጸሎት ፕሮግራም ቸኩያለሁ። ሱቁ ጋ ቆሜ ውኃ ስገዛ አንድ በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ አባት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሲመጡ ቬስፓዋን አዩ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀስ ብለው ቀርበው የግራ እጀታዋን ያዙ፤ ማርሽ የሚቀየረው በእርሱ ነው። የያዙበት አያያዝ እንደሚያውቋት ይናገራል።

“ወንድሜ እንዲህ ያለች ነበረችው” አሉ።

ሰዓቴን አየሁ። “አባባ፣ ሌላ ቀን እንጫወታለን፤ ዛሬ ቸኩያለሁ” አልኳቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ። “ሂድ ልጄ፣ ሂድ” አሉኝ። የሄድኩት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለጠፉት ነፍሳት ልንጸልይ ነው።

የዚያን ምሽት መጸለይ አቃተኝ። በነጋታው ሱቁ ጋ ሄድኩ፤ የሉም። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፤ የሉም። ሱቋ ያለችው እህት “አንዳንዴ ነው የሚያልፉት” አለችኝ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም አለፈ። በሚቀጥለው ወር 12 ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋቸው። መጡ። “አባባ፣ ያን ቀን በድዬዎታለሁ፤ ዛሬ ጊዜ አለኝ” አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና ከሱቁ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ታሪካቸውን በፈቃዳቸው ነው የምነግራችሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። ታላቅ ወንድማቸው ቬስፓ ነበረው። እርሳቸው ሳያስፈቅዱ ነድተው አጋጩበት። ተጣሉ፤ ክፉ ቃል ተነጋገሩ። እናት ብታስታርቃቸውም እምቢ አሉ። “ይቅርታ የምጠይቀው እርሱ ሲጠይቀኝ ነው” ብለው አኮረፉ። 1970 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ ሽብር። አንድ ሌሊት ወንድማቸው ከቤት ተወሰደ። አልተመለሰም። አስከሬን አላገኙም። ቬስፓዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዝናብ በላት።

ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንተ የእግዚአብሔርን ቃል የምታስተምር ሰው ነህ አሉ። ሙት ይቅር ይላል?” ብለው ጠየቁኝ።

ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ቤት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። አፌ ውስጥ ሊቀመጥ አልቻለም። ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቼ፣ “አባባ፣ ወንድምዎን ዛሬ መጠየቅ አንችልም። እርሱን የፈጠረውን፣ የሞተበትን ሌሊትም የሚያውቀውን አምላክ ግን መጠየቅ እንችላለን። ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነ ነው። የወንድምዎ ደም ያለበትን ያውቃል፤ የእርስዎንም እንባ ያውቃል” አልኳቸው። የእርሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና የእኔን ልናወዳድር አልተቀመጥንም። ስለ መስቀሉ አወራን፤ ጌታ እየተሰቀለ ለሰቀሉት ምሕረት ስለ መለመኑ አወራን። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። “ጸልይልኝ” አሉ፤ ጸለይኩ።

ከዚያ ተነሡ። የቬስፓዋን መቀመጫ መታ መታ አድርገው፣ “የማን ናት?” አሉኝ።

“የአባቴ ነበረች። ወረስኳት” አልኩ።

“ወንድም አለህ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኮተቤ ሩቅ አይደለም

አሁን እኔ ልናዘዝላችሁ። ወንድም አለኝ፤ ታናሼ ነው። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስማር፣ ለአገልግሎት ክፍለ አገር ስዞር፣ አባባን ያስታመመው እርሱ ነው። ያጠበው እርሱ ነው፣ ያጎረሰው እርሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባባን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቬስፓዋን አብረው ይፈታቱ ነበር። አባባ ካረፈ በኋላ ንብረት ስንካፈል “አባባ ቬስፓዋን ለእኔ ነው ያለኝ” አለ። ወረቀት አልነበረውም። እኔ ደግሞ በኩር ነኝ፤ ስለ ሥርዓት የምናገር ፓስተር ነኝ። ክርክሩን አሸነፍኩ። አስጭኜ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም።

ሁለት ዓመት ሙሉ መንገደኛው ሁሉ “ከየት አገኘሃት?” ሲለኝ “ከአባቴ ወረስኳት” እላለሁ። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም። ከማላውቀው ሰው ጋር በየመብራቱ የማወራባት ዕቃ ከገዛ ወንድሜ ጋር መነጋገር ያቆምኩባት ዕቃ ናት። ለሽማግሌዎቹም “ለወንጌል ነው” ብያቸዋለሁ!

ጌታ በተራራው ስብከት ያለውን ታውቁታላችሁ (ማቴ. 5፥23-24)። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። በአንተ ላይ የሚለውን ልብ በሉ፤ አንተ በእርሱ ላይ ያለህን አይደለም። እኔ ስንት እሑድ መባ ይዤ ቆሜያለሁ? ስንት ጊዜ ሌላውን “ይቅር በል” ብዬ ሰብኬያለሁ?

እኚያን አባት ሸኝቼ ቬስፓዋን አስነሣሁ። ወንድሜ ያለው ኮተቤ ነው፤ ከሲኤምሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለት ዓመት ያልተሄደ የግማሽ ሰዓት መንገድ! በሩ ጋ ስደርስ ድምፁን ሰምቶ ነው መሰለኝ ሳላንኳኳ ከፈተ። እኔን አላየም፤ እርሷን ነው ያየው። ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ማርሚታዋን አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ፣ “ዘይቱን በልኩ ነው የምትቀላቅለው?” የሚል ነበር።

ገባችሁ? ልክ እንደ መንገደኛው ነው ያናገረኝ። ለወንድሜ ባዕድ ሆኜበት ነበር።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። “ያንተ ናት። ወረቀት ስላልነበረህ አይደለም የወሰድኳት፤ በኩር ነኝ ብዬ ነው። አባባን ያስታመምከው አንተ ነህ። በድዬሃለሁ” አልኩት። ቁልፉን አልተቀበለም። “ቁርስ በልተሃል?” አለኝ። ገባን። የዚያን ቀን ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ እንደ ፊልም ተቃቅፈን አላለቀስንም። ስለ አባባ ጥቂት አወራን፣ ዝም አልን፣ ሻይ ጠጣን። ስወጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፤ በታክሲ ተመለስኩ። በሳምንቱ ደወለ፤ “ፍሪሲዮኗን አበላሽተሃታል፣ እያስተካከልኩ ነው፤ ቅዳሜ ና” አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አሁንም ያልተነጋገርንበት ነገር አለ። ግን እየተነጋገርን ነው።

እናንተስ?

ወገኔ ሆይ፣ አሁን ቬስፓ የለኝም። ከሲኤምሲ ጣቢያ በባቡር ነው የምሄደው። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ ነበር፤ “ከእንግዲህ ማን ያናግረኛል?” ብዬ። ግን አየሁት፤ ቬስፓዋ ያደረገችው መስኮቴን መክፈት ብቻ ነው። ባቡር ውስጥ ልጅ ያዘለች እናት ስትቆም መነሣት፣ “ስንት ወሩ ነው?” ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ መስማት። ለዚህ ክላሲክ ሞተር አያስፈልግም። ስለዚህ “እኔ የምመሰክርበት ነገር የለኝም” አትበሉ። ሮጣችሁ ቅረቡ፣ ስሙ፣ ጠይቁ፤ ሲጋብዟችሁ ውጡና ተቀመጡ። ኢየሱስን የምታካፍሉበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜም አትፈሩ፣ በግልጽ ንገሩ።

እኚያ አባት እስከ ዛሬ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ምስክርነቱን ለማሳመር ብዬ መጡ አልላችሁም። ወር በገባ በ12 አግዳሚው ላይ እንገናኛለን። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “ወንድምህ ደኅና ነው?” ብለው ነው። “ደኅና ነው” ስላቸው ፊታቸው ይፈካል።

አሁን ይህን ጽሑፍ የያዝህ ወንድሜ፣ የያዝሽ እህቴ፣ እርሳቸው የጠየቁኝን ልጠይቅህ፤ ልጠይቅሽ። ወንድም አለህ? እህት አለሽ? በርስት፣ በቤት፣ በውርስ፣ በአንድ ክፉ ቃል የተዘጋ በር አለ? በሕይወት ካለ ገና አልመሸም። እኚያ አባት አንዲት ቀን ቢያገኙ ምን ይከፍሉ ነበር? አንተ ያቺ ቀን አለችህ፤ ዛሬ ናት። ይህን ወረቀት አስቀምጠው፤ ጨርሰህ አታንብበው። ስልክህን አንሣ።

ደውለህ ከተመለስህ ደግሞ አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ በሩቅ ላለው ተናጋሪ፣ ለቅርቡ ዲዳ ሆኛለሁ፤ ይቅር በለኝ። በልጅህ በኢየሱስ ደም ከአንተ ጋር ያስታረቅኸኝ እንደሆንህ፣ ከወንድሜም ጋር አስታርቀኝ። እልኼን ስበርልኝ። አስቀድሜ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እንድሆን ጸጋ ስጠኝ። በመንገዴ ላይ ያስቀመጥኸውን ሰው እንዳላልፈው ጆሮዬን ክፈት፤ በጊዜውም ስምህን ሳላፍር እንድጠራ አፌን ክፈት። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።